ሐይቅን የጠጡት እናትና የሦስት ቀኑ ሥልጠና

ሰኞ ጠዋት ነበር። የቅሬታ መስኮቱ ፊት አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተሰልፈዋል። ተራቸው ሲደርስ ቢላቸውን በመስኮቱ አሾልከው ሰጡና፣ «ልጄ፣ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አንዲት የልጅ ልጄ ነን። ይኼ ወረቀት ሐይቅን ጠጥታችሁ ጨርሳችኋል ነው የሚለው?» አሉ።

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቢሉን ተቀብዬ ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። የወሩ ፍጆታ 92 ሜትር ኩብ ይላል። ሁለት ሰው!

እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ ካሉ ከተሞች በአንዱ፣ የውሃ አገልግሎት ውስጥ የሥልጠና ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ በየጠዋቱ የጦሳን ጉም ከኋላዬ ትቼ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። በዚያን ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው በሥራዬ ስለመርካቴ ነበር። ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በፊት ለቆጣሪ አንባቢዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥተን፣ «በታቀደው መሠረት በስኬት ተጠናቋል» ብዬ ሪፖርት ጽፌ ነበር። አዳራሽ ነበረ፣ ባነር ነበረ፣ የታሸገ ውሃ ነበረ፣ ውሎ አበል ነበረ፣ የቡድን ፎቶ ነበረ። የመጨረሻው ቀን ፈተና አማካይ ውጤትም ከመጀመሪያው ቀን በጣም ከፍ ብሎ ነበር።

የእናትየውን ቆጣሪ ያነበበው ማነው ብዬ መዝገብ አየሁ። በፈተናው አንደኛ የወጣው ልጅ ነው።

ጠራሁት። «ቀዩ ቁጥር ምንድነው?» አልኩት። እንደ ውኃ ጠጥቶታል። ጥቁሮቹ ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ያለው ነው፣ ቢል ላይ አይገባም። ታዲያ ምን ሆነህ ነው? «ጋሼ፣ ጉድጓዱ ጭቃ ገብቶበታል። መስታወቱም ላብ ይዟል። በእጄ ስጠርገው ጭራሽ ቀባሁት። ቀይና ጥቁሩ አይለይም። ዝናቡ ደግሞ መጣብኝ።»

አብረን ሄድን። ጭቃውን በውሃ አጥበን፣ በእናትየው አሮጌ ጨርቅ ጠራርገን አየነው። ጥቁሩ 9፣ ከጎኑ ቀዩ 6። ልጁ የጻፈው 96 ነው። ያለፈው ወር ንባብ 4 ነበር። ከ96 ላይ 4 ሲቀነስ 92። እውነተኛው ፍጆታ 5 ሜትር ኩብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆጣሪው አሮጌ ቢሆንና ንባቡ 400 ቢደርስ ኖሮ፣ ይኸው ስህተት ፍጆታውን በሺዎች ያደርገውና ማንም ሕፃን ያየው ነበር። የእናትየው ቆጣሪ ግን ከተቀየረ ገና ሁለት ወር ቢሆነው ነው። አዲስ ቆጣሪ ላይ ቀዩን መቁጠር የሚያመጣው ስህተት ትልቅ ነው፣ ግን የሚታመን ይመስላል። ሆቴል ሊሆን ይችላል፣ ቧንቧ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል እየተባለ ያልፋል። ይህን በሦስት ቀን ሥልጠናችን ውስጥ አንዴም አላነሳነውም። ስለ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ግን ግማሽ ቀን አውርተናል።

ማታ ቤቴ ገብቼ የሥልጠናውን የግምገማ ቅጾች አወጣሁ። አዳራሹ ምቹ ነበር ወይ? አሠልጣኙ ሰዓት አክብሯል ወይ? መስተንግዶው እንዴት ነበር? አንዱ ሠልጣኝ አስተያየት መስጫው ላይ «የሁለተኛው ቀን ሥጋ ጠንካራ ነበር» ብሎ ጽፏል። ከሁሉም ቅጽ ውስጥ ስለ አንድ በውን ያለ ነገር የሚናገረው እሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ ተከታታይ ጽሑፍ ማውጣት ጀምሮ ነበር። እሱ እንደሚለው ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘናል። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ወደ ሥራው ሲመለስ የተማረውን ሠራበት ወይ? መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ውጤትስ መጣ ወይ? ይህን እኔም ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና አጥንቼ ጽፌዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ግን አንደኛውን በቅጽ፣ ሁለተኛውን በፈተና ለክቼ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ሳልደርስ ነው የኖርኩት። ልጁ በሁለተኛው ደረጃ አንደኛ ነው። እናትየው የቆሙት አራተኛው ላይ ነው። በመካከል ጭቃ አለ።

የመሥሪያ ቤት ሰው ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ። የአሠራር ማሻሻያ ነው እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ሠለጠንን። ቢኤስሲ መጣ፣ ሠለጠንን። ካይዘን መጣ፣ ሠለጠንን። ችግር ሲነሳ «የአቅም ክፍተት አለ» እንላለን፤ ክፍተቱ በሥልጠና ይሞላል ተብሎ በጀት ይያዛል፤ በጀቱ ሲያልቅ ክፍተቱም ተሞላ ይባላል። እኔ ራሴ ያንን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከፕሮጀክተሩ ይልቅ የእርማት መዝገቡን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህ መዝገብ መስኮቷ ላይ የምትሠራው ልጅ ጋ ያለ ወፍራም ደብተር ነው። ቢል በስህተት ወጥቶ ሲስተካከል ቀኑ፣ የደንበኛው ቁጥር፣ የቀድሞውና የታረመው ንባብ ይጻፍበታል። የአራት ወሩን በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ለየሁት። ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ሥልጠና ከሰጠሁባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያ ሦስት ቀን የበለጠ ተምሬያለሁ ብል አላጋነንኩም።

ግማሽ ያህሉ እርማት የመጣው ከግምት ነው። በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው አንባቢው ገምቶ ይጽፋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ታሪፋችን እርከን አለው፤ ፍጆታህ ሲጨምር የእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል። አንድ ቤት በየወሩ 10 ይጠቀማል እንበል። ሁለት ወር 5፣ 5 ተብሎ ተገመተ። በሦስተኛው ወር በሩ ተከፍቶ እውነተኛው ሲነበብ የተረፈው 10 በላዩ ተደርቦ 20 ሆኖ ይመጣል። ሰውየው የተጠቀመው ውሃ ያው ነው፤ ግን ከፍ ያለው እርከን ውስጥ ስለገባ ብዙ ይከፍላል። የሚጮኸውም እውነቱን ነው። አንባቢውን ደግሞ ምን ብለህ ታሠለጥነዋለህ? የተዘጋ በር እንዴት እንደሚከፈት?

ሩብ ያህሉ እንደ እናትየው የቀይ ቁጥርና የቆሸሸ መስታወት ጣጣ ነበር። የቀረው ከሁለት ነው የመጣ። አንዱ ቁጥር ማገላበጥ ነው፤ 378ን 387 ብሎ መገልበጥ። ሌላው የቆጣሪው የራሱ ብልሽት ነው፤ የቆመ፣ ወይም ገልብጠው የገጠሙት።

ሮበርት ሜገር የሚባል የሥልጠና ሰው ነበር። ሠራተኛው ነፍሱ በሥራው ላይ የተንጠለጠለች ቢሆን ሊሠራው ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅ ይላል። ከቻለ ችግሩ የእውቀት አይደለም፤ ሥልጠናውን ተወው። ይህን ጥያቄ ይዤ መዝገቡን ሳየው፣ በሥልጠና ሊስተካከል የሚችለው በጣም ጥቂቱ ሆኖ ቀረ። አዲስ የተቀጠሩት አንባቢዎች የሚሠሩት የቀይ ቁጥር ስህተት፣ የቁጥር መገልበጥ፣ በቃ። ሌላው ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ የዝናብ ልብስ፣ በሩ ሲዘጋ የሚለጠፍ «መጥተን አጣንዎት» የሚል ብጣሽ ወረቀትና የመደወያ ካርድ ነው የሚፈልገው። ለሦስት ቀኑ ሥልጠና ካወጣነው ውሎ አበል ላይ ስንት ጨርቅ ይገዛ እንደነበር አስልቼ አልጨረስኩትም። ያሳፍራል።

ሥራ አስኪያጁ ጋ አንድ ገጽ ይዤ ገባሁ። ገጹ ላይ የወሩ የእርማት ብዛት አለ፤ ወርዶ ማየት የምንፈልገውም እሱን ነው። ከታች ሁለት ስም አለ፣ የእኔና የአንባቢዎቹ ቡድን መሪ። ሁለታችንም እንፈርማለን።

ቡድን መሪያችን ከኔ የሚበልጡ፣ ሥራውን በእግራቸው የሚያውቁት ሰው ናቸው። ወረቀቱን አነበቡና መለሱልኝ። «ሥልጠና ያንተ ሥራ ነው። እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ጋሼ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ነው ከልጆቹ ጋር የምቆየው። ዓመቱን ሙሉ ያሉት ከእርስዎ ጋር ነው።»

«እና ልከተላቸው ነው? ፖሊስ ነኝ?»

በመጨረሻ «አብሽር፣ ይደረጋል» አሉኝ። በእኛ አገር «አብሽር» የሚለው ቃል ደስ ይላል፤ ግን ሁልጊዜ ፊርማ ማለት አይደለም። ሳምንት ጠበቅሁ። ወረቀቱ መሳቢያቸው ውስጥ ነው። ከዚያ ቡና ጋበዝኳቸውና ንግግሬን ቀየርኩ። ስለ ሥልጠናው ትቼ፣ ቅሬታ በመጣ ቁጥር አንባቢ ወደ ኋላ እየላኩ ስንት ቀን እንደሚያባክኑ ጠየቅኋቸው። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቶናው ሳይቀዳ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ለሌሎች የምመክረው ካለ ይህን ነው። የክፍሉ ኃላፊ ያልፈረመበትን ሥልጠና አትስጡ፤ እንዲፈርም ደግሞ የራሱን ራስ ምታት አንሱበት።

የተስማማነው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ ከአንድ አንባቢ ጋር መንገድ ይወጣሉ፤ ከተነበቡት አሥሩን መልሰው ያነብባሉ። ሌላው ያለፈው ወር ንባብ ጉዳይ ነበር። እኔ ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ አንባቢው ራሱ ያመሳክር አልኩ። እሳቸው ሳቁብኝ። «ያለፈውን ካየማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነብልህ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያለፈው 40 ከሆነ ሻይ ቤት ተቀምጦ 46 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ስለዚህ ያለፈው ንባብ እሳቸው ጋ ይሁን ተባለ። ማታ ያመሳክራሉ፤ ያለ ቅጥ የዘለለ ካለ ቢል ሳይታተም በማግስቱ ጠዋት ይታያል። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አይነግርህም።

ሥልጠናውስ? ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ። ከመጋዘን የተነሱ አሮጌ ቆጣሪዎች አወጣንና አግዳሚ ላይ ደረደርናቸው። አንዱን ጭቃ ቀባነው፣ አንዱን የፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይዘን መስታወቱን አላብነው፣ አንዱን ዘቅዝቀን አስቀመጥን። እያንዳንዱ አንባቢ ጨርቁን ይዞ ይዞራል፣ ያነብባል፣ ይጽፋል። ከዚያ ተቀያይረው የጓደኛቸውን ያርማሉ። እያንዳንዱ ቆጣሪ ላይ መጀመሪያ ጥቁሩን ጮክ ብሎ መጥራት፣ መጻፍ፣ ከዚያ ከተጻፈው ላይ መልሶ ወደ ቆጣሪው ማየት። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት የቁጥር መገልበጥን የምትይዘው። በሳምንቱ ሃያ ደቂቃ፣ በወሩ ሃያ ደቂቃ ደገምነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ያልተደገመ ነገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው አብዛኛው የሚጠፋው። የእኛ የሦስት ቀን ሥልጠናዎች ግን አንዴ ተሰጥተው በሰርተፍኬት የሚቀበሩ ናቸው።

ማጉረምረም ነበረ። አበል የለማ! ይህን አቃልላችሁ አትዩት። ለብዙ ሠራተኛ አበል ማለት የወሩን ዘይት የሚሸፍን ገንዘብ ነው፤ «ለእውቀት ብላችሁ ተማሩ» ማለት ከጠገበ ሰው አፍ የሚወጣ ንግግር ይመስላል። አንደኛዋ አንባቢ በግልጽ፣ «እንግዲህ ሥልጠናውም እንደ ውሃው በፈረቃ ሆነ» ብላ አሳቀችን። እኔ ያስገኘሁላቸው ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የመደወያ ካርድ ነው። አበሉን አይተካም። ግን ክረምት ላይ ስለሆነ አልከፋም።

አንባቢዎቹን በአንዴ አላሠለጠንኳቸውም። አግዳሚውም ጊዜውም ስላልበቃ ግማሾቹ መጀመሪያ፣ ግማሾቹ ከወር በኋላ ገቡ። አስቤበት አይደለም፤ ግን አዳነኝ። በመጀመሪያው ወር ውሃ ብዙ ቀን ተቋረጠ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፤ አየሩም ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ቅሬታው ጎረፈ፣ እርማቱ ከቀድሞውም በለጠ። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን አይተው አዩኝ። የሠለጠኑትንና ያልሠለጠኑትን ለይተን ስናይ ግን ጭማሪው በሁለቱም በኩል ነበር፤ የሠለጠኑት ጋ በጣም ያንሳል። ያ ንጽጽር ባይኖር ሥልጠናው እዚያው ተቀብሮ ነበር። በተቃራኒው፣ ደህና ወር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያልሠራሁትን ውጤት የኔ ነው ብዬ ልፎክርበት እችል ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት ግን ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። በሦስተኛው ወር ደስ ብሎኝ የእያንዳንዱን አንባቢ የእርማት ብዛት በስም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ዱብ አለ። ሥራ አስኪያጁ አመሰገኑኝ። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ከዚያ እኚያን እናት ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። «ቢሉስ እንዴት ሆነልዎ እማማ?» አልኳቸው። «ደህና ነው፤ ያለፈው ወር ትንሽ በዝቶ ነበር፣ ያ ልጅ ግን ተመላልሶ ለመነኝ። ስሜ ግድግዳ ላይ ይወጣብኛል አለ። አዘንኩለትና በሚመጣው ወር ይካካሳል ብዬ ከፈልኩት» አሉኝ።

መስኮቷ ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። እሷም ለጓደኞቿ አዝና መዝገቡ ላይ ሳትጽፍ በቃል የምታስተካክለው ነበረ። ቁጥሩ ወርዷል፤ ስህተቱ እንዳለ ነው። በዚያው ቀን ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠልኩት። ለልጆቹም ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ የምንቆጥረው አንባቢዎቹ በሚዞሩበት መስመር እንጂ በሰው አይደለም። ቡድን መሪው ከሚያነብቧቸው አሥር ቆጣሪዎች የሚመጣውም ቁጥር ከመዝገቡ ጎን ይቀመጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው። በነገራችን ላይ መዝገቡ በሚቀጥለው ወር እንደገና ከፍ አለ፤ እኔ ግን ያን ያህል ደስ ያለኝ ወር አልነበረም።

አሁን ያለንበት እንዲህ ነው። የቀይ ቁጥር ስህተት በጣም ጥቂት ሆኗል። የቁጥር መገልበጥ አለ፣ ግን አብዛኛው ማታ ሲመሳከር ይያዛል። ግምት ቀንሷል፤ ቢሆንም ቀን ቀን ሰው የማይገኝባቸው የኪራይ ቤቶች አሁንም አስቸግረውናል። የተበላሹት ቆጣሪዎች እዚያው ናቸው፤ ለእነሱ «ይህ በሥልጠና አይፈታም፣ ግዢ ነው የሚፈልገው» ብዬ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የሥልጠና ባለሙያ ሆኜ እንዲህ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ፈራሁ። እንጀራዬ አይደል?

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። ለሃያ አምስት ሠራተኞች፣ ደሴ ሆቴል ውስጥ፣ የሦስት ቀን «የደንበኛ አያያዝ» ሥልጠና አዘጋጅ ይላል። በጀት ተይዟል፤ ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ደብዳቤው ግርጌ ላይ በእስክሪብቶ «በየትኛው መዝገብ ላይ ያለ የትኛው ቁጥር እንዲቀየር ነው?» ብዬ ጽፌ መለስኩት። መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት መስኮቷ ላይ ካለችው ልጅ ጎን ወንበር ስቤ፣ ደንበኞቹ ምን እያሉ እንደሚመጡ እየጻፍኩ ነው።